ሻንጣ ውስጥ የደበቅነው ቀይ መጽሐፍ

ባለፈው ቅዳሜ ብሩክሊን ሴንተር ካለው የሐላል ሥጋ ቤት ወረፋ ይዤ ቆሜ፣ ከኋላዬ «እትዬ ዘሐራ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሙና ናት፤ ድሮ ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር ስንኖር ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖር የነበረችው ልጅ። ልጅ እላታለሁ እንጂ አሁን እሷም ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። ተቃቅፈን ተሳሳምን፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ባሏ ጠየቅኳት፣ ሥጋ ቆራጩ ሁለቴ ቢጠራኝም አልሰማሁትም። ከዚያ ወሬውን ወደ ልጇ አዞረችው። የመጨረሻው ልጇ በግንቦት የአሜሪካ ታሪክ ፈተና አለበት፤ ያ የኔዋ ልጅ ሐያት የተፈተነችው፣ ኤፒ የሚሉት፣ ያለፈው ልጅ ኮሌጅ የሚቆጠርለት። «መጽሐፍ ቤት ብወስደው መደርደሪያው ሙሉ መለማመጃ ነው፤ የቱን እንደምገዛለት ግራ ገባኝ» አለችኝ። «ያ ቀዩ የሚሉት መጽሐፍ እናንተ ቤት ካለ ልዋስሽ ብዬ ነው። መምህር ሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለወንድሜ ልጅ ‹ቀዩን ግዙለት፣ ሌላ አትፈልጉ› ብሎ፣ ልጁ በሱ ነው ያለፈው።»

መምህር ሰይድ ባሌ ነው። ከሞተ ስድስት ክረምት አለፈው። ያ ቀይ መጽሐፍ ደግሞ እኔና ልጄ ከሱ ደብቀን ቤት ያስገባነው ነው። ሰይድ በገዛ እጁ የመጽሐፍ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የመለሰው፣ በቤታችን መኖሩን ሳያውቅ የሞተበት፤ እኔ እንደዚያ ብዬ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት። «ተሳስተሽ ይሆናል፣ ሙናዬ» አልኳት። «ኧረ ወላሂ፣ እኔው ባለሁበት ነው፤ ይሠራበት የነበረው ፓርኪንግ በር ላይ መኪና አቁመን» አለች። ሥጋዬን ተቀብዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ተቀመጥኩ።

ያኔ፣ ፊሊፕስ ስንኖር፣ የከተማው ባቡር ገና አዲስ ነበር። ሰው መንገደኛ ሳይሆን ልጆቹን ይዞ እስከ አየር ማረፊያው ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ። ቤንዚን ሁለት ዶላር አለፈ ብለን ሰማይ የተደፋብን የመሰለን ጊዜ፤ ዛሬ ቢሰጡን እጅ እንስማለን። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ እንገዛለን፤ ላዩ ላይ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ደሴ ደውለን ገና የጎረቤቱን ሰላምታ ሳንጨርስ ይቆረጣል። ከታች ያለው ሱቅ ባለቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት ብቻ ነበር የሚያጫውተው፤ ቋንቋውን ሳላውቅ ዘፈኑን ከነመንቀጥቀጡ በቃሌ ያዝኩት። ካፖርታችን ሁሉ ከአሮጌ ልብስ መደብር ነው። የኔ ሐምራዊ ነበር፣ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይውጣቸዋል፤ ሐያት ከኔ ጋር መንገድ ላይ መታየት ታፍርበት ነበር። አሁን እሷ ነች «ያ ካፖርት የት ገባ፣ ማሚ? አሁን እኮ ፋሽን ነው» የምትለኝ።

ሰይድ ደሴ የታሪክ አስተማሪ ነበር። እኔ እሱ ዘንድ አልተማርኩም፤ ታላቅ ወንድሜ ግን ተማሪው ስለነበር፣ ሰውየውን ሳላውቀው ፊርማውን አውቀው ነበር። የተማሪዎቹን ደብተር ሰብስቦ ገጽ በገጽ አንብቦ፣ ከታች በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። ሳያዩ «ታይቷል» የሚሉ አስተማሪዎች ሞልተው ነበር፤ እሱ ግን ካላየ አይልም። ወንድሜ አንዴ ሊፈትነው ብሎ ደብተሩ መሐል የፍቅር ደብዳቤ ጽፎ ቢሰጠው፣ ከጎኑ «መንስኤው አልተብራራም» ብሎ መለሰለት። ቤታችን ሲሳቅ ሰነበተ። በዚያ ጊዜ መለማመጃ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም። ማትሪክ ለሚፈተን ልጅ መጽሐፉ የአስተማሪው ኖት ነው፤ ጎበዝ አስተማሪ የራሱን ኖት ያዘጋጃል፣ ልጆቹ በእጃቸው ይገለብጡታል፣ የአንዱ ኖት ከአንዱ ወንድም ወደ ሌላው ይተላለፋል። የሰይድ ኖት ከደሴ አልፎ ኮምቦልቻና ወልዲያ ድረስ ይገለበጥ ነበር። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ከማናውቀው ልጅ እጅ ላይ አይቶት፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት አፍሮ፣ መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያየ ፈገግ ሲል አስታውሳለሁ። ከዚያ ያ ግርግር መጣ፣ ስደቱ መጣ፤ እሱን ተዉት።

እዚህ ከመጣን በኋላ ዳውንታውን ካለ ፓርኪንግ በር ላይ፣ የስልክ ቤት በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ካርድ ይቀበላል፣ ሂሳብ ይቀበላል፣ የመኪና መግቢያውን መዝጊያ እንጨት ያነሳል። እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ማሞቂያ ነበረች፤ ጉልበቱን ታቃጥለዋለች፣ ጀርባውን ግን አትደርስለትም። ከአረንጓዴው የሥራ ጃኬት ሥር ሁልጊዜ ክራቫት ያስራል፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ደግሞ ያቺ ቀይ እስክሪብቶ አለች። «እዚህ ማንን ልታርም ነው?» እለው ነበር። ይስቃል። አበሻ ሹፌር ሲያልፍ «ቲቸር፣ እንዴት ዋልክ» ሲለው ያን ቀን ደስ ብሎት ይገባል። ማንም ሳይጠራው የዋለ ቀን ጫማውን ሲያወልቅ ገና ያስታውቃል።

ሐያት አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ያ የታሪክ ፈተና መጣ። ለሷ ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ኮሌጅ በስኮላርሺፕ ካልገባች ሌላ መንገድ እንደሌለን ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ድራይቭ አድርገን ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለ ትልቅ መጽሐፍ ቤት ሄድን። መቼም ያ መደርደሪያ! ከጉልበት እስከ ራስ በላይ፣ ሁሉም ስለ አንድ ፈተና፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሐያት ቀጥ ብላ ቀዩን አነሳች፤ የክፍል አስተማሪዋ ይህን ግዙ ብላቸዋለች። ሰይድ «እስቲ» ብሎ ተቀበላት፣ መነጽሩን አደረገ፣ እዚያው ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ግማሽ ሰዓት ቆመን ጠበቅነው። እኔ እግሬ ዝሎ ምንጣፉ ላይ ልቀመጥ ደርሼ ነበር።

«ስሚ ምን እንደሚል» አላት በመጨረሻ። «‹መልሱን ካላወቃችሁ ሁለቱን ሰርዙ፣ ከቀሩት ገምቱ›። ታሪክ ይገመታል እንዴ?»

«አባዬ፣ ስትራቴጂ ነው» አለች ሐያት።

«ስትራቴጂ ለጦር ሜዳ ነው። ይኼ ስለ ፈተናው ነው የሚያስተምርሽ እንጂ ስለ አገሩ አይደለም።» መጽሐፉን የነበረበት ቦታ መልሶ፣ ጀርባውን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለው። «አትቸገሪ። እኔ ኖት እጽፍልሻለሁ። ሚያዝያ ሳያልቅ እጅሽ ይገባል።»

ይህን ሲል ፊቱን ብታዩት። ከደሴ ከወጣን ጀምሮ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ሐያት ወደ እኔ አየች። እኔ ምንጣፉን አየሁ።

ያንኑ ዕለት ከአሮጌ ዕቃ መደብር ጡብ የሚያክል የታሪክ መጽሐፍና ሦስት ደብተር ገዛ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪና በማይኖርበት ሰዓት ያነባል፣ ይጽፋል። የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ነበር፤ ርዕሱን በቀይ ያሰምራል፣ መንስኤ፣ ሂደት፣ ውጤት ብሎ ይከፍለዋል። ሐያት ደግሞ ወጥ ቤት መጥታ እያለቀሰች «ማሚ፣ አባዬ ፈተናውን አያውቀውም እኮ» አለችኝ። ልቆጣት ብዬ ተውኩት፤ እውነቷን ነበር። ወድቃ ብትቀር ማን ሊጠየቅ ነው? እሱን ደግሞ ምን ብዬ ልንገረው? ኖትህን ተወው፣ እዚህ አገር አይሠራም ልበለው? ያ ቃል ከኔ አፍ ቢወጣ ዳግመኛ ክራቫት የሚያስር አልመሰለኝም። ይሉኝታ ያዘኝ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ሲገባኝ ሁለቱንም ያዳንኩ መስሎኝ ተደብቄ ቀዩን ገዛሁ። የእረፍት ቀኔ ማክሰኞ ነበር፤ አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ፣ የመጽሐፉን ስም ሐያት ወረቀት ላይ ጽፋልኛለች፣ ወረቀቱን ለሻጭዋ አሳየኋት፣ ከፈልኩ። አውቶቡስ የምቀይረው ዳውንታውን ነው፣ ከሰይድ ፓርኪንግ ሁለት ብሎክ ርቆ። መጽሐፉን ከዚያ ሐምራዊ ካፖርት ሥር ብብቴ ውስጥ አጣብቄ፣ ሻሼን እስከ ግንባሬ ስቤ፣ ሌባ መስዬ ቆምኩ። ቤት ስደርስ የእንግዳ ብርድ ልብስ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ሰይድ ያን ሻንጣ ከፍቶ አያውቅም ነበር።

ያ ጸደይ እንዲህ አለፈ። እኔ ሽማግሌ በሚጦርበት ነርሲንግ ሆም የጠዋት ሺፍት፣ እሱ ፓርኪንጉ የከሰዓት፣ ሐያት ትምህርት ቤት። ከትምህርት ስትመለስ መጽሐፉን ከሻንጣው አውጥታ ትሠራበታለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የአባቷን ደብተር ገልጣ ታስቀምጣለች። እሑድ እሑድ ምሳ በልተን ሰይድ ይጠይቃታል፤ እሷ ትመልሳለች። አንድ እሑድ ስለ አንድ ሕግ ጠየቃት፣ እሷም አፏ ላይ እንደመጣላት አከታትላ መለሰች። ሰይድ ቀና ብሎ አያት። «ይኼን እኔ አልጻፍኩልሽም። ከየት አመጣሽው?» አላት። «ክላስ» አለች ቶሎ ብላ። ወደ እኔ ዞር አለ፤ እኔ ሳህን ማንሳት ጀምሬያለሁ። «ጥሩ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ደግሞ በዚያው ሰሞን ይመስለኛል፣ ልብስ ሳጥብ የነጭ ሸሚዙ ኪስ በቀይ ቀለም ርሶ አገኘሁት። «ማንን አርመህ ነው ይህን ያህል ቀለም የፈሰሰው?» ብዬ ተቆጣሁ። «አሮጌ እስክሪብቶ ናት፣ ታፈሳለች» አለኝ። ሸሚዙን ጣልኩት።

ውጤቱ በክረምት በፖስታ መጣ። አራት። «ከአምስት አራት? አንዷን ምን ዋጣት?» ብል ሁለቱም ሳቁብኝ፤ ሰይድ ቁጭ አድርጎ አራት ትልቅ ውጤት መሆኑን አስረዳኝ። እኔ ታዲያ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፍኩም። ውስጤን የሚበላኝ ነገር ስላለ ይሆናል፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ «በአባቷ ኖት ነው፤ መጽሐፍ እንኳን አልገዛንላትም፣ ቁጭ ብሎ በእጁ ጽፎ ነው ያሳለፋት» እላለሁ። ሠርግ ላይ አልኩ፣ ኢድ ላይ አልኩ፣ ሐዘን ቤት ሳይቀር አልኩ። እኔ ይህን ባልኩ ቁጥር ሰይድ ውኃ ሊጠጣ ይነሳል፣ ስልክ ሊያይ ይወጣል። ትሕትናው ነው እያልኩ ይባስ አጋንን ነበር።

ወሬው ሲዛመት እናቶች መምጣት ጀመሩ። አንድ እሑድ አራት ሆነው መጥተው ሳሎናችን ተቀመጡ፤ መምህር፣ ደብተሮቹን ለልጆቻችን አውሰን አሉት። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላውስም» አላቸው። እኔ ደንግጬ «ለምን?» ብለው፣ «ጊዜ ያለፈበት ነው፣ ልጆቹን አይጠቅማቸውም» አለ። በሰው ፊት ክብሬን የነካው መሰለኝ። «በገንዘብ ሲሰስቱ አይቻለሁ፤ በዕውቀት የሚሰስት ሰው ግን ቤቴ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አልኩት፣ እዚያው እነሱ ፊት። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ሰይድ ተነሳ። መኪናዋን ልይ ብሎ ወጣ፤ እኔም አንድ ሳምንት አኮረፍኩት። ከዚያ በኋላ ደብተር ላይ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ፓርኪንጉም ከጊዜ በኋላ ማሽን ተከለና የመስታወት ቤቷን አነሷት፤ እሱም ትምህርት ቤት ማጽዳት ገባ፣ እኛም ወደ ብሩክሊን ሴንተር ተዛወርን። አንድ ማለዳ ልቡ ቀጥ አለ። አፉ በለኝ የምለው ነገር አለኝ ብዬ አስቤም አላውቅም ነበር፤ የቀብሩ ዕለት እንኳ ያን ስድብ አላሰብኩትም።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ተመልሼ፣ ሥጋውን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ፣ በዚህ ጉልበቴ ከቤቱ ሥር ወዳለው ቤዝመንት ወረድኩ። ሻንጣው አለ። ብርድ ልብሶቹን አወጣሁ፤ መጽሐፉ ሥራቸው ነበር፣ ቀይነቱ ሽሮ መስሏል። በሕይወቴ ገልጬው አላውቅም፤ ከሱቅ አምጥቼ ከመደበቅ በቀር። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ የሐያት የእርሳስ ክብ ክብ ብቻ ነው ያለው። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ቀይ ቀለም አየሁ። የሳተችው ላይ ኤክስ፣ ያገኘችው ላይ ራይት፣ ከጎኑ ያቺ እንደ ማተሚያ የምታምር ጽሕፈት፤ ለምን እንደሳተች በትንሽ በትንሹ ተጽፎ። ከምዕራፉ ሥር «ታይቷል» ይላል፣ ፊርማው አለ። ከወንድሜ ደብተር ላይ ሰውየውን ሳላውቅ የማውቀው ፊርማ። አምስተኛው ላይም፣ ስድስተኛውም ላይ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም ምዕራፍ አልዘለለም። ወደ ኋላ ተመልሼ ያን መጽሐፍ ቤት ቆሞ ያነበበልንን ገጽ ፈለግኩት። ገምቱ የሚለው ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ከጎኑ በአማርኛ «ይሁን» ብሎ ጽፏል።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለሐያት ደወልኩ። አሁን ሴንት ፖል ፋርማሲስት ናት፤ ሥራ ላይ ነበረች። «ሐያት፣ አባትሽ መጽሐፉን ያውቅ ነበር?» አልኳት። በር ስትዘጋ ሰማኋት።

«ያውቅ ነበር፣ ማሚ» አለች። «ብርድ ልብስ ሊያወጣ ከፍቶ ነው ያገኘው። አንድ ቀን ስገልጠው ቀይ ሆኗል፣ ልሞት ነበር። እሱ ግን ምንም አላለኝም፤ ‹ምዕራፍ አራት ላይ ሦስት ስተሻል፣ እይው› ብቻ አለኝ። ጠዋት ጠዋት እኛ ስንወጣ እያረመ መልሶ ያስቀምጥልኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪያት አለኝ። ‹ለኔ ብላ ነው የደበቀችው፣ ካወቀች ታፍራለች› አለኝ።»

«ታዲያ ኖቱን መጻፍ ለምን አልተወውም? ማንም እንደማያነበው እያወቀ?»

«ጠይቄዋለሁ፣ ማሚ» አለችኝ። «‹ካቆምኩ እናትሽ ትጠረጥራለች› አለኝ።»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ያን ሁሉ ሳምንት፣ በዚያች የመስታወት ቤት፣ ጉልበቱ እየተቃጠለ ጀርባው እየበረደው፣ የማይነበብ ኖት በቀይ እያሰመረ የጻፈው እኔ እንዳላፍር ነው። እኔ ደግሞ በየሠርጉ ውሸቴን አሸክሜው ዞርኩ። ለሌላ ሰው ልጆች የማይጠቅማቸውን ነገር አልሰጥም ቢል ስስታም አልኩት፣ ሰው ፊት። እሱ ግን፣ ሙና እንደነገረችኝ፣ ፓርኪንጉ በር ላይ ቀዩን ግዙ ይል ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። ሰይድ፣ አፉ በለኝ። ዘግይቻለሁ፣ ግን አፉ በለኝ።

ለሙና ልጅ አዲሱን ገዛሁለት፤ ሽፋኑን ቀይረውት አሁን ሰማያዊ ሆኗል። አሮጌውን ለማንም አልሰጥም።

ደብተሮቹም እዚያው ቤዝመንት፣ ክራቫቶቹ ያሉበት ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም ሙሉ ናቸው፤ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው መስመር። ገጾቹ በቤዝመንቱ እርጥበት ተጣብቀው ነበር፣ አንድ በአንድ በጥፍሬ አላቀቅኳቸው። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የኔ ደግሞ የነርሲንግ ሆም እንግሊዝኛ ነው፤ ያምዎታል ወይ፣ ውኃ ላምጣ ወይ፣ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ቢሆንም ትናንት ጠዋት መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፣ ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩ። ምሳ ሰዓት አለፈብኝ። ከዚያ ከሱቅ የገዛኋትን ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ፣ ከገጹ ሥር «ታይቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።